ደጅ የምታድር ድመት

ባለፈው ሳምንት የልጄን ድመት ለማስከተብ ወሰድኳት። ልጄ ፈተና ላይ ስለሆነች ነው እንጂ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ድመት በፕላስቲክ ሣጥን አንጠልጥዬ ታክሲ የምጋፋ ሰው አልነበርኩም። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ የለበሰችው ነጭ ጋዋን እጥፋቱ እንኳ ገና አልለቀቀም። ካርድ ስትሞላ የድመቷን ስም ጠየቀችኝ፣ ዕድሜዋን ጠየቀችኝ፣ ከዚያም ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ደጅ ትወጣለች?» አለችኝ። ፎርሙ ላይ ያለ ጥያቄ ነው፤ የመጣውን ሁሉ የምትጠይቀው ነው። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ድመት ወዴት ልትወጣ ነው?» ብዬ አምባረቅሁባት። ደንግጣ «አትወጣም» ብላ ጻፈች። ወዲያው አፈርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኳት፤ ንዴቱ ግን ታክሲ ውስጥም አልለቀቀኝም።

የተናደድኩት በእሷ አይደለም። ያን ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት አሶሳ ላይ አንዲት አሮጊት አባቴን ጠይቀውት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። አባቴ ግን የሰው ምክር በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ከማፍሰሱ በፊት «እሺ እናቴ» ብሎ በአክብሮት የሚቀበል፣ ለዚህም ነው መሰለኝ ሰው ሁሉ ምክሩ የደረሰለት እየመሰለው ደስ ብሎት የሚሄድለት ሰው ነበር።

አሶሳ የገባነው ክልሉ ገና ክልል መሆንን በሚለማመድበት ጊዜ ነው። የመሥሪያ ቤቶች ሰሌዳ ቀለሙ ሳይደርቅ ይሰቀላል፤ የኃላፊው ስም ሠራተኛው ሳይለምደው ይቀየራል፤ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ለስብሰባ ወደ መንጌ ወረዳ ከወረደ ደግሞ የከተማው ወረቀት ሁሉ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። አባቴ ከጎጃም በዝውውር የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀደም ሲል ጥቂት ዓመት አስተምሮ ስለነበረ ጎረቤቱ «ኡስታዝ» ይለው ነበር፤ እሱም ባይናገረው ስሙን ይወደው ነበር። የተሰጠን ቤት ግድግዳው ቀርከሃ ሆኖ በጭቃ የተመረገ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ከጓሮው በኋላ ጎረቤት የሚባል ነገር አልነበረም። አጥሩ ያበቃል፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሣር ይጀምራል፣ ከሣሩ ወዲያ የቀርከሃው ጫካ ነው።

ሦስተኛው ክፍል የእኛ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ያለችው አንዲት መዝገብ ቤት ስታፈስ ጊዜ፣ በየወረዳው ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ተማሪዎች ማስረጃ በካርቶን ተጭኖ እኛ ቤት መጣ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ለጊዜው የተባለው ነገር እዚያው ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ከካርቶኖቹ ጋርም ሆነ ከካርቶኖቹ በኋላ፣ ብቻ ክልሉ ሲቋቋም አብረው የተመደቡ የሚመስሉ አይጦች ቤታችንን ወረሱት። አንድ ቀን ከባምባሲ አንድ ወጣት ሥራ ሊቀጠር የስምንተኛ ክፍል ውጤቱን ፈልጎ መጣ። አባቴ ሲያወጣለት ወረቀቱ ከመሃል ጀምሮ ተበልቷል፤ አማርኛው አለ፣ የሒሳብ ውጤቱ ግን የለም። ልጁ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በቀዳዳው ውስጥ ፀሐይዋን አያትና «ዋቃዮ!» ብሎ በኦሮምኛ አምላኩን ጠራ። አባቴ የዚያን ቀን ምሳውን አልበላም፤ በማግስቱ ድመት ፍለጋ ወጣ።

የመጀመሪያዋን ድመት ከሰፈራ መንደር ለገበያ የመጡ አንዲት የወሎ ሴት በዘንቢል አድርገው ሰጡን። ቡራቡሬ፣ ገና ግልገልነት ያልለቀቃት፣ ጅራቷ ከሰውነቷ የሚረዝም ነገር ናት። አባቴ ከሥራው ሌላ ዓለም ስለሌለው ድመቶቻችንን ሁሉ በሥራ መደብ ነበር የሚጠራቸው፤ ይቺን «ተላላኪ» አላት። እናቴ በሳቅ ፍርስ ስትል «ምን ያስቅሻል? በዚህ ክልል ደብዳቤ ሳይጻፍላት ሥራ የጀመረች የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ናት» አላት።

ሕጉም ወዲያው ወጣ። አንደኛ፣ ድመቷ ምግብ አይሰጣትም፤ የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም። ሁለተኛ፣ ድመቷ ደጅ ታድራለች፤ አይጡ የሚመጣው ከውጭ ነውና ዘበኛ ከውስጥ አይተኛም። ይህን ሕግ አባቴ የፈጠረው አይደለም፤ ከአባቱ ቤት ይዞት የመጣው ነው። እሱ ያደገበት ግቢ ጎተራው ደጅ ነው የሚቆመው፤ ድመቶቹም ከጎተራው ሥር ኖረው ከጎተራው ሥር ይወልዱ ነበር። ዙሪያው የታረሰ መሬት ነው፤ የጤፍ ማሳና የጎረቤት ቤት እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ጎጃም ላይ የሠራ ነገር አሶሳ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አልታየውም። እዚህ ጎተራ እንደሌለን፣ ከጓሮአችን ወዲያም ማንም እንዳላረሰ ዓይኑ ያያል፤ ልቡ ግን አላየም።

ያዩት ጎረቤታችን ሐቦባ ሐዋ ነበሩ። ሐቦባ የሰፈሩ ልጆች አያቶቻቸውን የሚጠሩበት ስም ነው፤ እኔም ከልጆቹ ሰምቼ እንደዚያው እጠራቸው ነበር። ቤርታ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቶብ የሚባለውን ሰፊ መጎናጸፊያቸውን ትከሻቸው ላይ ሲጥሉት እንኳ የማይቸኩሉ ሴት። አማርኛቸው አጭር ናት፤ ሴቱም ወንዱም እሳቸው ዘንድ አንድ ነው። ሦስት ያረጁ ድመቶች ነበሯቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የማሽላ ገንፎ ላይ ትንሽ የደረቀ ዓሣ ፍርፋሪ ጣል አድርገው ሳህኑን በጥፍራቸው ኳ ኳ ሲያደርጉት፣ ሦስቱም ካሉበት ተንከባለው ይመጣሉ፤ በልተው ሳይጨርሱ በሩ ከኋላቸው ይዘጋል፤ ከዚያ እሳቸው ውዱእ አድርገው ወደ ሶላታቸው ይሄዳሉ። አንድም ቀን ሲያስተጓጉሉ አላየሁም።

የእኛን ግልገል ደጅ ሲያዩ ወደ አጥሩ መጡ። «ኡስታዝ፣ ይሄ ድመት ማታ የት ነው?» አሉት።

«ደጅ ናት እናቴ። ትጠብቃለች።»

«አስገባ። መግሪብ ሳይደርስ አስገባ። እዚህ ጫካ ቅርብ ነው።»

«እሺ እናቴ» አለ አባቴ። ዞር ሲሉ ደግሞ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ «የእሳቸው ድመቶች እኮ ጡረተኞች ናቸው፤ አበላቸውን ተቀብለው ይተኛሉ» አላት። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እኔም ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ነው የሚያናድደኝ፤ የሦስቱ ጡረተኞች ዕድሜ ሲደመር እኛ በአሶሳ ከቀበርናቸውም ካልቀበርናቸውም ድመቶች ዕድሜ ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ጥር ላይ ሣሩ ይቃጠላል። በዚያ አገር የኖረ ሰው ያን ወቅት አይረሳውም። ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጢሳማ ነው፤ የሣሩ አመድ እንደ ጥቁር ላባ እየተንሳፈፈ ልብስ ማስጫው ላይ ያርፋል፤ እናቴም የታጠበውን አንሶላ እያነሳች በሰውም በሣርም ላይ ትራገማለች። እሳቱ ሲመጣ በሣሩ ውስጥ ያለ ሁሉ ወደ ፊቱ ይሸሻል፤ አይጡ፣ ፌንጣው፣ እንሽላሊቱ። የሚሸሸውን የሚበሉ ደግሞ እሳቱ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ወፎቹ ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ አንድ ጢስ ሲነሳ ሰማዩ በአንዴ ይሞላል። ድመታችንም ሞኝ አልነበረችም፤ ቤት ውስጥ ምግብ የማይሰጣት ድመት ያን ገበያ እንዴት ታልፋለች? አጥሩን አልፋ ከተቃጠለው ሣር ዳር ተቀመጠች። እኔ ቀርከሃው አጥር ላይ ወጥቼ አያታለሁ። ቀትር ነው፤ ጸጥ ያለ ሙቀት። ከዚያ ጥላ መጣ፤ ጥላው መሬቱን ነካ፤ ሲነሳ ድመቷ የለችም። ቀና ስል ንስሩ ክንፉን በከባዱ እየመታ ወደ ጫካው ሲሄድ፣ ያ ረጅም ጅራቷ ተንጠልጥሎ አየሁት።

እየሮጥኩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። አላመነኝም። «ንስር ጫጩት ነው የሚወስደው፤ ድመት ይከብደዋል። ሰው ነው የወሰዳት» አለኝ። በዓይኔ አየሁ ስለው «ፀሐዩ መትቶሽ ነው» አለኝ። በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ማስታወቂያ አስጽፎ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፈ፤ መልኳ ቡራቡሬ የሆነች የድመት ግልገል ያየ ሁሉ በአካል ቀርቦ እንዲያሳውቅ የሚል። ተማሪዎቹ ለአንድ ወር ያህል «በአካል ቀርበናል» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ። ያየሁትን አይቼ ሳለ ያላየሁ መባል ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ያኔ ነው የቀመስኩት።

ሁለተኛው ወንድ ነበር፤ «ተቆጣጣሪ»። ትልቅ፣ ጆሮው የተተረተረ፣ ተደባዳቢ ድመት ነው፤ ንስርም ቢሆን ሁለቴ አስቦ ነው የሚወርድበት። ክረምቱን በሙሉ አገለገለን። አንድ ቀን ማለዳ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባባራበት ጊዜ፣ ደጁ ላይ የተበተነ ፀጉር አገኘን፤ ከፀጉሩም ወደ አጥሩ የሚሄድ የተጎተተ ምልክት። አባቴ ጭቃው ላይ ቆመና «ጅብ ነው» ብሎ ፈረደ። ሐቦባ ሐዋ ድምፃችንን ሰምተው መጡ፤ ቶባቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉና በአንድ ጣታቸው የዱካውን ዙሪያ ሳይነኩት ተከተሉት።

«ጅብ ጥፍር አለው፣ መሬት ላይ ይታያል። ይሄ ጥፍር የለም። ክብ ነው። አነር ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አባቴን አዩት። «ኡስታዝ፣ አላስገባህም።»

አባቴ የዚያን ቀን «እሺ እናቴ» እንኳ አላለም። እሱ የሚያውቀው አንድ መፍትሔ ስለሆነ ቢሮው ገብቶ ደብዳቤ ጻፈ። «ጉዳዩ፦ የመንግሥት ሰነድ የሚጠብቅ ድመት ከአውሬ ስለሚጠበቅበት ሁኔታ ይመለከታል» ይላል፤ ግልባጩን ቤት አምጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። የጠየቀው ለጓሮው የሚሆን የሽቦ ወንፊት ነበር። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ አጥራችንን አየ፣ እናቴ ያቀረበችላቸውን ማንጎ በላ፣ ችግሩ አሳሳቢ መሆኑን አምኖ ሄደ። ከወራት በኋላ መልሱ መጣ፤ ለድመት ጥበቃ የሚውል የበጀት ርዕስ የለም። አባቴ መልሱን በፋይል አስገባው። እስከዚያ ድረስ አይጦቹ የአንድ ወረዳ ማስረጃ ግማሹን ጨርሰዋል።

ሦስተኛዋ ሻሼ ናት። ግራጫ ሆና ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ነጭ የወረደባት ስለሆነች እኔ ነኝ ሻሼ ያልኳት፤ አባቴ «ዋና ክፍል ኃላፊ» ቢላትም አልጸናለትም። ከሐቦባ ሐዋ ድመት የተወለደች ናት። ሲሰጡን በእጃቸው አንስተው ለአባቴ አላቀበሉትም፤ መጀመሪያ ደረታቸው ላይ ያዟትና «ይሄ የቤት ሰው ነው። ታስገባለህ?» አሉት።

«አስገባለሁ እናቴ» አለ።

«ወላሂ በል።»

አባቴ ሳቀ፤ «እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ፣ እንዴት ወላሂ እላለሁ?» አለ። እሳቸው አልሳቁም። «የአንተን በል» አሉት። «በማርያም» አለ። ያን ጊዜ ሰጡት።

ቃሉንም በራሱ መንገድ ጠበቀ። ከካርቶኖቹ ክፍል ግድግዳ ግርጌ ላይ ቀርከሃውን ቆርጦ ድመት የምታሾልክ ቀዳዳ አወጣ፤ ደጅ ትሠራለች፣ የሚያሳድዳት ከመጣ ዘልላ ትገባለች። በሥራው በጣም ኮርቶ ነበር፤ መጋዙን እንደያዘ ጎረቤት ጠርቶ አሳየ። ሐቦባ ሐዋ ጎንበስ ብለው ቀዳዳዋን አዩና «ድመት የሚገባበት ሌላም ይገባል» አሉ። እኔ ግን የዚያን ቀን አባቴን ወደድኩት። ከንስሩ ወዲህ ያላመነኝን ሁሉ ይቅር አልኩት።

እነዚያ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወራት በአሶሳ ከኖርኩት ሁሉ ጥሩዎቹ ናቸው። ሻሼ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ካርቶን ላይ ትተኛለች፤ የቤት ሥራ ስሠራ ደብተሬ ላይ መጥታ ቁጭ ትላለች፤ ብገፋት ክብደቷን ትጨምራለች። የማንጎው አበባ ሲረግፍ እያሳደደች ትይዘዋለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእግሬን ኮቴ ለይታ ከአጥሩ ጫፍ ላይ ትጠብቀኛለች። ሕጉን ጥሼ ከምሳዬ እየቀነስኩ አበላት ነበር፤ ሆኖም አይጥ መያዟን አልተወችም። ይህን ለአባቴ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ማስረዳት ማለት ሕግ መጣሴን ማመን ነውና። ወረቀቶቹ ከመበላት ዳኑ። አባቴ በማታ እየገባ ካርቶኖቹን ሲፈትሽ ያፏጭ ነበር።

ከዚያ ሸለምጥማጡ መጣ። ሊነጋጋ ሲል ነው፤ እናቴ በዚያ ዓመት የተወለደውን ትንሹን ወንድሜን ልታጠባ ብትነሳ ከአልጋው ግርጌ ነጠብጣብ ያለው፣ ጅራቱ ላይ ቀለበት ቀለበት ያለበት ነገር ቆሞ ያያታል። በጩኸቷ ሰፈሩ ተነሳ። አባቴ ያገኘው መሣሪያ ጃንጥላ ነበር፤ በጃንጥላ ከክፍል ክፍል ሲያሳድደው በመጨረሻ በድመቷ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣ። ሸለምጥማጥ ሕፃን አይበላም፤ አሁን አውቀዋለሁ፤ ያኔም አባቴ ሳይናገረው አልቀረም። እናቴ ግን ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ወይ ቀዳዳዋ፣ ወይ እኔ» አለች። እውነቷን ነበር። ሸለምጥማጥ የገባበት እባብም ይገባበታል።

አባቴ ቀዳዳዋ ላይ የቆርቆሮ መዝጊያ ሠራ፤ በሽቦ የሚጠመጠም። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይዘጋል፣ እስኪነጋ አይከፈትም አለ። «ሻሼስ?» አልኩት። «የሥራ ሰዓት ታክብር» አለኝ። እንግዲያውስ ሊዘጋ ሲል እንደ ሐቦባ ሐዋ ትንሽ ምግብ ይሰጣት፣ ሰዓቷን ለምዳ ትገባለች አልኩት። ቀላል ነገር ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ በየቀኑ ዓይናችን እያየ የሚሠራ ነገር። «እሷንም ጡረታ ልታወጫት ነው?» አለኝ። ለመንኩት፤ እናቴን ላክሁበት፤ አኮረፍኩ። ሰውዬው ለኮሚቴ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን የማይደክመው፣ ለአንድ ጭብጥ ገንፎ ግን ንቅንቅ አልል አለ።

ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ ያለ ምግብም በእኔ ጥሪ ብቻ ሠራ። በየማታው ቀዳዳዋ ጋ በሆዴ ተኝቼ እጠራታለሁ፤ ትመጣለች። ከዚያ ጥር ደረሰ፤ ሣሩ ተቃጠለ።

የዚያን ቀን እሳቱ ከጓሮአችን በኋላ ያለፈው ከሰዓት በኋላ ነው። ሻሼ እንደ መጀመሪያዋ ድመት ወደዚያው ገበያ ሄደች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መጥራት ጀመርኩ። ደጁ ገና ብርሃን ነው፤ አመዱ ውስጥ አንዳንድ ጉቶ ይጤሳል። አልመጣችም። አባቴ ሰዓቱን እያየ መጣ፤ «ትንሽ ብቻ» አልኩት፤ ትንሽ ጠበቀ። እውነት ለመናገር ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል አሳልፎ ጠብቆልኛል። ከዚያ ቆርቆሮውን ገጠመና ሽቦውን ሁለት ጊዜ ጠመዘዘው።

ራት ልንበላ ተቀመጥን። ሬዲዮው ተከፍቷል። ገና እጃችንን ሳንታጠብ ከካርቶኖቹ ክፍል በኩል ቆርቆሮው ሲቧጨር ሰማሁ። አንዴ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። ድምጿንም ሰማሁ፤ አጭር፣ የተቆረጠ ድምፅ ነበር፤ ምግብ ስትለምን የምታሰማው አይደለም። ተነሳሁና «አባዬ፣ ሻሼ ናት!» አልኩ።

አባቴ ዓይኑን ከሬዲዮው ላይ አላነሳም። «ቀርከሃው ነው። ነፋስ ሲያወዛውዘው ነው» አለ።

ነፋስ አልነበረም። የጢሱ ጠረን እንኳ ቀጥ ብሎ የቆመበት ምሽት ነው። «አባዬ...» ስል «ቁጭ በይ!» አለኝ፤ ተቆጥቶኝ በማያውቅ ድምፅ። ቁጭ አልኩ። እናቴ ሕፃኑን ታወዛውዛለች፤ ማንንም አላየችም። ቆርቆሮው ጥቂት ተቧጨረ፤ ከውጭ አንድ ከባድ ነገር ግድግዳውን መታው፤ ከዚያ ምንም የለም። ሬዲዮው ስለ ዝናብ እያወራ ነበር።

ጠዋት ስወጣ አባቴ ቀድሞኝ ወጥቶ ጭቃ አቡክቶ ቀዳዳዋን እየደፈናት አገኘሁት፤ ቆርቆሮው በውስጥ ቀርቶ ጭቃው ከላዩ ተመርጎበታል። ምልክት ፈለግሁ፤ መሬቱ ተጠርጓል። ሐቦባ ሐዋ አጥሩ ጋ ቆመዋል። «ኡስታዝ፣ በማርያም ብለህ ነበር» አሉት። ከዚያ በኋላ ሰላምታቸውን ባይነፍጉንም ግልገል ግን አልሰጡንም። አባቴ ካርቶኖቹን ጡብ ላይ አስቀመጣቸው፤ አይጦቹ ጡቡን ወጡበት። በዓመቱ መሥሪያ ቤቱ የራሱ መዝገብ ቤት ተሠራለትና የተረፈው ወረቀት ተጭኖ ሄደ፤ እኛም ብዙ ሳንቆይ ተዛወርን።

ከአባቴ ጋር ከዚያ በኋላ በብዙ ነገር ተጣልተናል፤ በምማረው ትምህርት፣ በማገባው ሰው፣ በልጄ አስተዳደግ። ምክንያቱ የተለያየ ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ የምጣላው ከአንድ ነገር ጋር ነበር፤ የሰማሁትን አልሰማሽም፣ ያየሁትን አላየሽም ከሚለኝ ሰው ጋር። የከፋው ደግሞ እያደር ራሴን መጠራጠሬ ነው። አንዳንድ ጊዜ ምናልባት በእውነትም ቀርከሃው ይሆናል እላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ድመቷን ያጣች፣ ምን የማትሰማው ነገር አለ? እንዲህ እያልኩ ጆሮዬን ከሰስኩት። አሶሳን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ሐቦባ ሐዋም ማረፋቸውን ከሰው ነው የሰማሁት፤ ያ ሣር የነበረበት ቦታ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በእጄ የቀረ ነገር ቢኖር ይህ ንዴት ነው፤ እሱንም አጥብቄ ይዤው ኖርኩ።

አባቴ የመጨረሻ ዓመቱን እኔ ቤት ነበር። ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን ልጬ በየክፋዩ እሰጠው ነበር። ድንገት «ያቺ የአሶሳዋ ድመትሽ፣ ሰምቻት ነበር» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ስትቧጭር። ሰምቻለሁ። ከኋላዋ ሌላ ነገር ነበረ፤ ትንፋሹ ይሰማ ነበር። ሕፃን ቤት ውስጥ አለ፤ እጄ ላይ ምንም የለም። ፈራሁ።»

ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ የኖርኩት «አልሰማሁም» ለሚለኝ አባቴ ነበር። ልጮህበት ፈለግሁ፤ ላቅፈውም ፈለግሁ፤ ሁለቱንም አላደረግሁም። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ትፈሪያለሽ ብዬ ነዋ» አለኝ፤ እጁንም ለቀጣዩ ክፋይ ዘረጋ።

ሰጠሁት። እኔ እኮ ፈርቼ ነበር፤ ብቻዬን ነበር የፈራሁት።